እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና የፒያኖ ዜማቸው

በዋጃ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ከዋጃ ተነሥቶ በቆቦና በወልድያ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ፥ የራያን የማሽላ ሜዳ ወደ ኋላው ትቶ ብዙ ከተጓዘ በኋላ የአምባሰልን ተራሮች ያያል። በዚያ አገር ቅርጹ መስቀል የሚመስል አንድ አምባ አለ፤ እርሱም ግሸን ማርያም ነው። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንደ ተቀመጠ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከቆላውም ከደጋውም እየተሰበሰበ ይወጣል። ወደዚያ አምባ የወጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዚያው አምባ ላይ በባዶ እግራቸው ዐሥር ዓመት የኖሩ አንዲት መነኵሲት፥ ፒያኖ በመጫወት ስማቸው በኤውሮጳና በአሜሪካ የተጠራ መሆኑን ከተሳላሚዎቹ መካከል የሰማ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ዛሬ የሚነገረው የእኒህ ሴት፥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበረ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር ተምረው፥ የፈረንጅ ቋንቋ ዐውቀው መንግሥትን ያገለገሉ የታወቁ ሰው ሲሆኑ፥ እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ ይባላሉ። በዚያ ዘመን ወንድ ልጁን እንኳ ከቄስ ትምህርት ቤት አልፎ የሚያስተምር አባት ጥቂት ነበረ። ከንቲባ ገብሩ ግን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፥ ስንዱንና የውብዳርን፥ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሰደዱ። የውብዳር ያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ታላቂቱ እኅት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኋላ ዘመን የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት፥ ደግሞም ለሕዝብ እንደራሴነት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነዋል፤ የእርሳቸው ስም በትምህርት መጻሕፍት ስለሚገኝ መምህራኑ ያውቁታል። የታናሺቱ ስም ግን በዚያው መጠን አልታወቀም።

ሕፃኒቱ በስዊስ አገር አስቀድመው ቫዮሊን፥ ቀጥለውም ፒያኖ ተማሩ። ፒያኖን በዓይኑ ላላየ ሰው እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ እንደ ትልቅ ሣጥን ያለ የእንጨት ዕቃ ነው፤ በውስጡ ብዙ የብረት ክሮች ተወጥረዋል፤ በፊቱም ነጭና ጥቁር የሆኑ 88 መርገጫዎች ተደርድረዋል። ጣት አንዱን መርገጫ ሲጫነው በውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ ክሩን ትመታለች፥ ድምፅም ይወጣል። እንግዴህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ የማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ድምፁን እንደ ልቡ ሊያለቅስበት ሲችል፥ የፒያኖ ድምፅ ግን አስቀድሞ የተቈረጠ መሆኑ ነው። ከሁለት መርገጫዎች መካከል ያለውን ድምፅ በፒያኖ ማግኘት አይቻልም። ይህ ነገር በኋላ ይጠቅመናል።

የውብዳር ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ጥቂት እንደ ተማሩ የጣሊያን ጦር መጣ። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ብዙ መሳፍንትና የተማሩ ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው ተግዘው ወደ ጣሊያን አገር ተወሰዱ። የከንቲባ ገብሩ ቤተ ሰብም ከእነዚያ መካከል ነበረ። መጀመሪያ አዚናራ በምትባል ደሴት፥ ኋላም በናፖሊ አጠገብ በምትገኝ መርኮሊያኖ በምትባል መንደር በግዞት ተቀመጡ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከፒያኖ ተነሥታ በባሕር ተከብባ በምትኖር የግዞት ደሴት መቀመጧ ምን እንደሚያሳድርባት መገመት አያስቸግርም። በኋላ ከደረሷቸው ዜማዎች አንዱ የባሕር መዝሙር፥ ሌላውም ናፍቆት የሚል ስም አላቸው።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ የውብዳር የተቋረጠውን ትምህርት ለመቀጠል ወደ ካይሮ ሄዱ። በዚያም እስክንድር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፥ አምስት ሰዓት ፒያኖ ያጠኑ ነበር። ይህን ቍጥር መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩት መልካም ነው፤ ሊቅነት የሚገኘው በተሰጥዎ ብቻ ይመስላቸዋልና። ነገር ግን የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ጐዳው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ መምህራቸውም ተከትለው መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ እንዲመሩ ተሾሙ። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጸሐፊነት ሠሩ።

ከዚህ በኋላ የሕይወታቸው መታጠፊያ መጣ። በሎንዶን በሚገኘው በንጉሣዊው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ዕድል ተገኘላቸው። ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ የደከሙለት ሁሉ ፍሬ የሚያፈራበት ጊዜ እንደ ደረሰ ታያቸው። ነገር ግን እንዲሄዱ ፈቃድ ተከለከሉ። ወጣቲቱ ሴት ከኀዘን ብዛት ዐሥራ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቆዩ። ሊሞቱ ሲቃረቡ ሥጋ ወደሙ እንዲሰጣቸው ለመኑ፤ ተሰጣቸውም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት ተኝተው ሲነቁ ልባቸው ጸጥ ብሎ እንደ ተገኘ ተናግረዋል። ሰውነታቸው ዳነ፤ ነገር ግን በኮንሰርት አዳራሽ ፒያኖ የመጫወት ምኞት በዚያ አልጋ ላይ ቀረ።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁለት ዓይነት አሳብ ሊመጣበት ይችላል። አንዱ፥ እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ሊመራቸው ፈቅዶ ነው ይላል፤ እማሆይም ራሳቸው እንዲህ ያምኑ ነበር። ሌላው ደግሞ፥ አንዲት ቃል «ሂጂ» ብትባል ኖሮ አገሪቱ ምን ታገኝ ነበር ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው አሳብ የተበዳዩ ነው፤ ተበዳዩም ሊይዘው መብት አለው። ከልካይ ግን በተበዳዩ ትዕግሥት ሊጽናና አይገባውም።

የውብዳር ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ግሸን ሄዱ። በዚያ መነኰሱ፥ ጽጌ ማርያምም ተባሉ። ጫማቸውን አውልቀው በጭቃ ቤት ተቀመጡ፤ ፒያኖ አልነበረም። በስዊስ አገር ያደገ እግር በአምባሰል ድንጋይ ላይ ዐሥር ዓመት በባዶው ሄደ። በኤውሮጳ ስለ እርሳቸው የጻፉ ሰዎች ይህን ዘመን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለእነርሱ ሙዚቃ የሌለበት ባዶ ዘመን ነውና። ይህ ግን የአገሩን ነገር ካለማወቅ የመጣ ነው።

አምባሰል የተራራ ስም ብቻ አይደለም፤ የዜማ ስምም ነው። የአገራችን ዘፈን የሚሄድባቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከእነዚህ ሁለቱ በወሎ ምድር በሚገኙ ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው፤ ባቲ የገበያ ከተማ ናት፥ አምባሰልም ግሸን ያለችበት ተራራማ አገር ነው። የፈረንጅ ዜማ ሰባት ድምፅ ሲኖረው እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ክራር መቺም ክሮቹን የሚወጥረው በዚሁ ልክ ነው። ቍጥሩ ከማነሱ የተነሣ ድህነት የሚመስለው ይኖራል፤ ነገር ግን በአምስቱ መካከል ያለው ርቀት ከቅኝት ወደ ቅኝት ስለሚለያይ፥ አንዱ ያስደስታል፥ አንዱ ያስተክዛል፥ አንዱም ልብን ሰቅሎ ይይዛል። በዋጃ ሜዳ በማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ስሙን ሳያውቀው በእነዚህ ቅኝቶች ያንጐራጕራል። በግሸን ተዳፋት ከብት የሚጠብቀውም እንዲሁ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም እንግዴህ ፒያኖ በሌለበት በዚያ ዐሥር ዓመት የኖሩት ቅኝቱ በተሰየመበት አገር መካከል ነበረ።

ከግሸን ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ፒያኖን እንደ ገና ያዙ፤ ጣታቸውም እንደ ድሮው የፈረንጅ ሊቃውንትን ዜማ ብቻ የሚደግም አልሆነም፤ የራሳቸውን መድረስ ጀመሩ። ቀጥለውም ወደ ጐንደር ወርደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች፥ ምልክቱንም መማር ለደብተራ እንኳ የብዙ ዓመት ሥራ መሆኑን ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

በጐንደር ሳሉ በየቀኑ የሚያዩት አንድ ነገር ልባቸውን ነካው። የቆሎ ተማሪዎች ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይለምናሉ፥ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በሜዳ ይተኛሉ። ይህ በወሎም በራያም የታወቀ ነገር ስለ ሆነ የሚያየው ሰው አይደነቅም። እማሆይ ግን ተደነቁ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነበረ። ስለዚህ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸው በሽያጩ ገንዘብ ድሆችን ለመርዳት አሰቡ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ረዳትነት የመጀመሪያው ሸክላ በጀርመን አገር ወጣ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። ከዜማዎቹም መካከል ቤት አልባው ተንከራታች፥ የእናት ፍቅር፥ የዐባይ መዝሙር፥ የዮርዳኖስ ወንዝ መዝሙር፥ ጎልጎታ የሚባሉ ይገኛሉ። በሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለድሆችና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ሆነ።

እነዚህን ዜማዎች የሰሙ የውጭ አገር ሰዎች ጃዝ ነው አሉ። ይህ ቃል ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ስለ ሆነ ጥቂት ሊገለጽ ይገባዋል። ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ በአሜሪካ ደቡብ፥ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከባርነት ከወጡት ከጥቁሮች ሕዝብ መካከል የተወለደ ነው። ተጫዋቹ የተሰጠውን ዜማ እንደ ተጻፈ ብቻ አይደግመውም፤ በዚያው ሰዓት ከልቡ እያፈለቀ ይለዋውጠዋል። በዚህስ አዝማሪ በማሲንቆው፥ እረኛም በዋሽንቱ ከሚያደርጉት የተለየ አይደለም። ቢሆንም የእማሆይን ዜማ ጃዝ ማለት ግማሽ እውነት ነው። ዜማው የቆመው በሦስት እግር ላይ ነው፤ አንዱ በስዊስና በካይሮ የተማሩት የኤውሮጳ ትምህርት፥ ሁለተኛው የያሬድ ዜማ፥ ሦስተኛው የአገራችን ቅኝት ነው። ፈረንጅ አምስቱን ድምፅና የልብ ኀዘን ሲሰማ ከሚያውቀው ከጥቁር አሜሪካውያን እንጕርጕሮ ጋር አመሳሰለው እንጂ፥ የወሎ ሽማግሌ ቢሰማው ኖሮ ሌላ ስም በሰጠው ነበር።

አሁን ስለ ፒያኖ መርገጫ ወደ ተባለው ነገር መመለስ ያስፈልጋል። ድምፁ የተቈረጠ ከሆነ የማሲንቆ ልቅሶ እንዴት በፒያኖ ይወጣል? እማሆይ ይህን የፈቱት በፍጥነት ነው። ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሳቸው በፊት አጠገቡ ያሉትን አንድ ሁለት መርገጫዎች እንደ ብልጭታ ይነኩና ያልፋሉ፤ ጆሮም ድምፁ የተንሸራተተ ይመስለዋል። ደግሞ ጊዜውን እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል አይረግጡትም፤ አንዱን ያዘገያሉ፥ አንዱን ያፋጥናሉ፥ ዜማውን የሚያነብብ ካህን ትንፋሹ እንደ መራው እንደሚያደርገው ነው። ይህን በኖታ መጻፍ ከባድ ነው፤ ቢጻፍም ቅኝቱን በጆሮው ያላደገበት ሰው እንደ ተገቢው አይጫወተውም።

እንዲህ ያለ ሥራ ለምን ሳይታወቅ ቈየ? በዓለም ያለውን ልማድ የተመለከተ ሰው አይገርመውም። በአሜሪካ ሊል ሃርዲን የምትባል የፒያኖ ተጫዋችና ደራሲ ነበረች፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ግን የሉዊ አርምስትሮንግ ሚስት እንደ ነበረች ብቻ ነው። ሜሪ ሉ ዊልያምስ የምትባለው ደግሞ (የተወለደችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1910 ነው) ስማቸው ለገነነ ወንዶች የሙዚቃ ጓድ መሪዎች ዜማ እየጻፈች ትሰጥ ነበር። የእርስዋ ታሪክ ለእማሆይ ታሪክ በሚያስደንቅ አኳኋን ይቀርባል፤ በ1954 በፓሪስ ጨዋታዋን ትታ ወደ ጸሎትና ድኾችን ወደ መርዳት ተመለሰች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ፒያኖ ላይ ተቀመጠች፥ የሙዚቃዋንም ገቢ ችግረኞችን ለመርዳት አዋለች። ሁለቱ ሴቶች በዘር፥ በአገርና በሃይማኖት ወገን ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ከአዳራሽ ርቀው ቆይተው በሙዚቃ ምጽዋት ሰጡ።

በአገራችን ግን ሌላም ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ሰው ዘፈንን የሚወድደው በቃሉ ነው። ሰምና ወርቁን ይመረምራል፥ ግጥሙን ይይዛል፥ ለልጁ ያስተላልፋል። ቃል የሌለው ዜማ የቃሉን መምጫ የሚጠብቁበት መግቢያ ይመስለዋል። የእማሆይ ፒያኖ አብዛኛውን ጊዜ ቃል አልነበረውም። ደግሞ መነኵሲት ናቸው፤ መነኵሲት ስትጸልይ እንጂ ፒያኖ ስትጫወት ማየት አልተለመደም። በዚያ በሸክላ ዘመን ስማቸው የገነነ ወንዶች በሙዚቃ ጓድ ተከብበው፥ በሆቴልና በራዲዮ ይሰሙ ነበር። እማሆይ ብቻቸውን ነበሩ፤ የሸክላቸውም ገቢ ለምጽዋት ስለ ሆነ የሚያስተዋውቃቸው ነጋዴ አልነበረም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 እናታቸው ከሞቱ በኋላ፥ በደርግ ዘመን፥ አገራቸውን ትተው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያም በኢትዮጵያ ገዳም፥ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጡ። ክፍላቸው ጠባብ ነበረች፤ በእርስዋም ውስጥ አልጋ፥ ፒያኖና የሳሏቸው ሥዕሎች ነበሩ። ስንት ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ በዚያ ደጅ ሲያልፍ የፒያኖ ድምፅ ሰምቶ ይሆን፥ ማን እንደሚጫወትስ ማን ጠይቆ ይሆን?

የጠየቁት የውጭ ሰዎች ናቸው። በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ ኢትዮፒክ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስባቸው 21ኛ ክፍል የእማሆይን ፒያኖ ብቻ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ስማቸው በዓለም ዞረ። ቀጥሎም ማያ ዱኒየትስ የምትባል የእስራኤል አገር ፒያኖ ተጫዋች እየጐበኘቻቸው ትቀርባቸው ጀመር፤ እማሆይም በከረጢት ውስጥ ያኖሩትን በእጃቸው የተጻፈ የዜማ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ወረቀቱ ተስተካክሎ በ2013 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የደረሱት ዜማ ከ150 በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ በፊት ከረጢቱ በአንድ ቀን ቢጠፋ ኖሮ ከሸክላው ውጭ ያለው ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር። ምስጋና ለጠያቂዋ ይገባል፤ ነገር ግን የአምባሰልና የባቲ ልጅ በሺሕ የሚቈጠርባት አገር እያለች ከረጢቱን ለመክፈት ከሌላ አገር ሰው መምጣቱ በእኛ በኩል ሊያሳስብ ይገባል።

በዋጃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ማግኘት ያስቸግር ይሆናል። ክራር፥ ዋሽንትና ማሲንቆ ግን ከመንደሩ አይታጡም፤ የትኛው እንጕርጕሮ በየትኛው ቅኝት እንደሚሄድ የሚያውቁ ሽማግሌዎችም በዚህ ተቀምጠዋል። መምህሩ የእማሆይን ዜማ በስልኩ ላይ አግኝቶ ለልጆቹ ቢያሰማና ሽማግሌውን ጠርቶ «ይህ የቱ ቅኝት ነው?» ቢያስብል፥ የሚሰጠው መልስ ፈረንጆች በመጽሐፍ ከጻፉት ሊበልጥ ይችላል። በማማ ላይ ስታንጐራጕር የምትገኝ ልጅ ካለችም አባትዋና መምህርዋ ይነጋገሩባት፤ ምን ልትሆን እንደምትችል በስድስት ዓመትዋ አይታወቅምና።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ከዕረፍታቸው በኋላ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2024፥ ትዝታዎች የሚል ስም የተሰጠው ሌላ የድምፅ ስብስብ ወጣ። ይህ በ1977 እና በ1985 መካከል በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት በተራ መቅጃ የተያዘ ነው። በዚህ ውስጥ ፒያኖውን እየተጫወቱ በአማርኛ በገዛ ድምፃቸው ይዘምራሉ፤ ቃሉም ስለ አገርና ስለ ስደት ነው። አንድ ጊዜ የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ በመስኮቱ ውጭም ወፎች ይንጫጫሉ።